ሁለት ስንኝ ያቆያት ልጅ



በእንግሊዝ አገር ሳልዝበሪ በምትባል ከተማ አንድ የጦር ሠራዊት ሙዚየም አለ። እዚያ ውስጥ በሕይወት እንዳለ ተደርጎ የተሰናዳ አንድ ትንሽ ውሻ በመስታወት ሣጥን ቆሟል። ስሙ ቦቢ ይባላል። ከእንግሊዝ 66ኛ ሬጅመንት ጋር አፍጋኒስታን ዘምቶ፣ ማይዋንድ በተባለ ሜዳ ጌቶቹ ሲያልቁ እሱ ቆስሎ አመለጠ። ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1881 አስቀርበው ሜዳልያ ሸለሙት። በዓመቱ ጎስፖርት ከተማ ላይ የፈረስ ጋሪ ገጨውና ሞተ። የት እንደ ቆሰለ፣ ማን እንደ ሸለመው፣ ምን እንደ ገደለው ሁሉም ተጽፎ ተቀምጧል።

በዚያው ቀን፣ በዚያው ሜዳ፣ ከወዲያኛው ሰልፍ በኩል አንዲት የእረኛ ልጅ ነበረች ይባላል። ስሟ ማላላይ ነው። ዕድሜዋ ቢበዛ 18 ወይም 19 ነው። የእንግሊዝ የጦር መዛግብት ስለ እሷ አንዲት መስመር አልጻፉም። ዛሬ ግን ስሟን የማያውቅ አፍጋናዊ ማግኘት ያስቸግራል። ትምህርት ቤት በስሟ ተሰይሟል፣ ሆስፒታል ተሰይሟል፣ እናቶችም ሴት ልጆቻቸውን በእሷ ስም ይጠራሉ። ውሻው መዝገብ አለው፤ ልጅቱ ሕዝብ አላት።

ዛሬ የምነግራችሁ ስለዚህች ልጅ ነው። ጀግንነቷን ለማወደስ ብቻ ቢሆን ኖሮ አሥር ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። እኔን የሚያስገርመኝ ሌላ ነው፦ ጽሕፈት ያልጠበቃት ልጅ በምን ኃይል 140 ዓመት ተሻገረች? ይህንን ያህል ዘመን የተሻገረውስ ምኗ ነው?

ማይዋንድ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ ናት። እዚያ ሄዶ የተዋጋው ጦር ግን ያን ያህል ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ድረስ የወጣው የጄኔራል ናፒየር ጦር ከህንድ የመጣ ነበር፤ ናፒየር ራሱ በዚያን ጊዜ የቦምቤይ ጦር ዋና አዛዥ ነበር። ከ12 ዓመት በኋላ ማይዋንድ ላይ ከተሸነፈው ብርጌድ ውስጥ ህንዳውያኑ እግረኞችና ፈረሰኞች በአብዛኛው የዚሁ የቦምቤይ ጦር ሰዎች ናቸው። ቅድመ አያቶቻችን «ስናድር» ይሉት የነበረው ጠመንጃ በትልቅ ዘመቻ ከተፈተነባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዱ ከመቅደላ ሥር ያለው፣ አሮጌ የሚባለው የእኛው ሜዳ ነው፤ ማይዋንድ ላይም ህንዳውያኑ ትከሻቸው ላይ ያነገቱት እሱኑ ነበር። ዙላ ወደብ ላይ የጦሩን ስንቅና ዕቃ ሲያራግፍ የከረመ ፍሬድሪክ ሮበርትስ የሚባል መኮንንም ነበር። እሱን ለጊዜው እዚያው እናቆየውና በኋላ እንመለስበታለን።

የጦርነቱን መነሻ በአጭሩ ልለፈው። እንግሊዞች ሩሲያ በአፍጋኒስታን በኩል አድርጋ ህንድን ትነጥቀናለች ብለው ይሰጉ ነበር። አሚር ሼር አሊ የሩሲያን መልእክተኞች ካቡል ላይ ተቀብሎ የእንግሊዝን ግን ከድንበር ስለመለሰ፣ በኖቬምበር 1878 ወረሩት። አሚሩ ሸሸ፣ በሽሽት ላይም ሞተ። ልጁ ያዕቁብ ካን የፈለጉትን ውል ፈረመላቸው። ካቡል ያስቀመጡት እንደራሴ ግን በሴፕቴምበር 1879 ተገደለና ጦርነቱ እንደገና ተቀጣጠለ። በዚህ መሀል ሌላው የሼር አሊ ልጅ አዩብ ካን ሄራትን ይዞ ተቀምጧል። በ1880 ጦሩን አስከትቶ ወደ ካንዳሃር ገሰገሰ።

እሱን እንዲያቆም የተላከው ጄኔራል በሮውስ 2,500 ያህል ሰው ነበረው። ከእንግሊዝ ጋር ያበረው የካንዳሃር ገዥም ወታደሮቹን አሰልፎ ነበር፤ እነዚህ ግን ሄልማንድ ወንዝ ሲደርሱ ከድተው ወደ አዩብ ካን ዞሩ። አገሬው ማን ጋር እንደሚቆም በዚህ ቀድሞ ታውቋል። የአዩብ ካን መደበኛ ጦርና ከየመንደሩ ነጭ ለብሶ የጎረፈው፣ ጋዚ የሚባለው የሃይማኖት ተዋጊ ተደምሮ እስከ 25,000 ይገመታል።

ጁላይ 27 ቀን 1880፣ በእኛ ሐምሌ 1872 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ሁለቱ ጦሮች ማይዋንድ ላይ ተገናኙ። እነ አፄ ዮሐንስ ጉራ ላይ የግብፅን ጦር ከደመሰሱ ገና 4 ዓመታቸው ነው። የበሮውስ ሰዎች ከንጋት ጀምሮ ተጉዘዋል፣ ብዙዎቹ እህል አልቀመሱም፣ ውሃ የለም፣ ፀሐዩም የዚያ በረሃ የሐምሌ ፀሐይ ነው። በሮውስ 12 መድፍ አለው፤ አዩብ ካን 30። ለሰዓታት መድፍ ከመድፍ ተነጋገረ። ከቀትር በኋላ የእንግሊዞቹ የግራ መስመር ላላ፣ ጋዚዎቹ በክፍተቱ ገቡ፣ የህንዳውያኑ ሰልፍ ተናደ፣ እሱም በ66ኛው ሬጅመንት ላይ ወደቀ። ሬጅመንቱ ኺግ ወደምትባል መንደር እያፈገፈገ ሄዶ በአንድ የአትክልት ቦታ ውስጥ ተከበበ። መጨረሻ ላይ የቀሩት 11 ሰዎች ከአጥሩ ወጥተው እየተኮሱ አንድ በአንድ ወደቁ። ከበሮውስ ብርጌድ ወደ 970 የሚጠጋ ሰው በዚያ ቀን ሞተ። ከአፍጋኖቹ ከዚያ የሚበልጥ ሰው እንደ ወደቀ ይገመታል፤ የእነሱን ስም ግን በድንጋይ ላይ የቀረጸ የለም።

ለሟቾቻቸው እንግሊዞች ሬዲንግ በሚባለው ከተማ በ1886 አንድ ግዙፍ የብረት አንበሳ አቆሙ፤ ከሥሩ የ329 ሰው ስም አለ። ኮናን ዶይል ደግሞ ለሼርሎክ ሆምስ ጓደኛ የሚሆን ሐኪም ሲፈልግ ማይዋንድ ላይ የቆሰለ መኮንን አድርጎ ፈጠረው፤ ዶክተር ዋትሰን ማለት ነው። ስለዚህ የተሸነፈው ወገን አንበሳም፣ ውሻም፣ ልብ ወለድም አለው። ያሸነፈው ወገን ያለው አንዲት ልጅ ናት።

ኺግን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የማላላይ የትውልድ መንደር ናት።

ሽማግሌዎች እንደሚያወሩት አባቷ በግ ጠባቂ ነበር። አባቷም እጮኛዋም ለአዩብ ካን ተሰልፈዋል። አንዳንዶች ያ ቀን የሠርጓ ቀን ነበር ይላሉ፤ እዚህ ላይ የተራኪ እጅ ጣልቃ የገባ ይመስለኛል፤ ጥሩ ታሪክ ያገኘ ሰው ሠርግ ሳይጨምርበት አያድርም። ከመንደሩ ሴቶች ጋር ሆና ለተዋጊዎች ውሃ ታቀብላለች፣ የቆሰለ ታነሣለች። ይህ ተረት አይደለም፤ በእኛም አገር ሴት ያልዘመተችበት ጦርነት የለም፤ እንሥራ የተሸከመችው፣ ስንቅ ያዘጋጀችው፣ ቁስለኛ ያጠበችው ማን ሆነችና!

ከዚያ መድፉ እየከበደ፣ ሰው እየወደቀ ሲሄድ የአፍጋኖቹ ተዋጊዎች ማመንታት ጀመሩ። አንዱ ሰንደቅ ያዥ ወደቀ። ማላላይ ሰንደቁን አነሣች ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ መሸፈኛዋን ከራሷ ላይ ገፍፋ ሰንደቅ አደረገችው ይላሉ። ወደ ፊት ሄደችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ሁለት ስንኝ ተናገረች። ስንኙ ለውዷ ነው። ከዚህ ሜዳ በሕይወት ተርፎ ቢመለስ ያ መትረፍ ውርደት እንደሚሆንበት ነገረችው። የሰሙት ወንዶች ተመለሱ። እሷ እዚያው ተመትታ ወደቀች። አዩብ ካን በክብር አስቀበራት ይባላል፤ መቃብሯ ነው የሚሉትንም ቦታ እስከ ዛሬ በማይዋንድ አውራጃ ያሳያሉ።

ታሪኩ ይኸው ነው። ሲነገር አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን በመካከላችሁ ያለ አንድ ተጠራጣሪ፣ እኔም እንደ እሱ ነኝ፣ «በ42 መድፍ ጩኸት ውስጥ የአንዲት ልጅ ድምፅ ማን ሰማው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የእንግሊዝ ዘጋቢዎች አላዩአትም፤ ቢያዩአትም ለእነሱ ወሬ አልነበረችም። ሴቶች በጦር ሜዳ መኖራቸውን ግን ሳይወዱ መስክረዋል፤ ከማይዋንድ ሦስት ወር በፊት አህመድ ኬል በተባለው ውጊያ ከአፍጋን ሙታን መካከል አንዲት ሴት መገኘቷን ሄንስማን የሚባል የጦር ዘጋቢ ጽፏል። ስሟን አልጻፈም፤ አልጠየቀማ! ማላላይ በአፍጋን መጻሕፍት ጎልታ የወጣችውም ከጦርነቱ ብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው። በፈረንሳይ ዣን ዳርክን ብንወስድ፣ እ.ኤ.አ. በ1431 ያቃጠሏት ዳኞች ራሳቸው ቃሏን ጽፈው አቆይተውልናል፤ ጠላቶቿ ሳያስቡት ታሪክ ጸሐፊዎቿ ሆኑ። ማላላይ ዳኛም ጸሐፊም አልነበራትም።

እኛ ዘንድ የሚቀርበው ምሳሌ አድዋ ነው። ጸሐፌ ትዕዛዝ ገብረ ሥላሴ እንደሚተርኩት፣ ከኋላ ያለው ሰልፍ ሲያመነታ እቴጌ ጣይቱ ዓይነ ርግባቸውን ገልጠው፣ በእግራቸው እየሄዱ፣ ድምፃቸውን አሰምተው ወታደሩን አበረቱት፤ የሚያመነታው ተመለሰ። ሁለቱን ነገሮች አስተያዩአቸው። ያመነታ ሰልፍ፣ የተገለጠ መሸፈኛ፣ የሴት ድምፅ፣ የተመለሰ ወንድ። ግን እቴጌይቱ ዜና መዋዕል የሚጽፍ ጸሐፌ ትዕዛዝ አጠገባቸው ነበረ። የበግ ጠባቂ ልጅ ጸሐፌ ትዕዛዝ ከየት ታመጣለች?

እሷን የጻፋት ላንዳይ ነው።

ላንዳይ የፓሽቱን ሴቶች ቃል ግጥም ነው። ሁለት መስመር ብቻ ነው። የመጀመሪያው መስመር 9 ቀለም፣ ሁለተኛው 13፤ በድምሩ 22። የግጥሙ ባለቤት አይታወቅም። ውሃ ስትቀዳ፣ ሠርግ ላይ ከበሮ ሲመታ፣ ሐዘን ቤት ስትቀመጥ አንዷ ትለዋለች፣ ሌላዋ ትቀበላለች፣ ትንሽ ታጣምመዋለች፣ ለሦስተኛዋ ታቀብላለች። ያችም የእኔ ነው አትልም። የእኛን መንቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በሁለት ስንኝ ንጉሥ ያሳነሰ፣ ሙሽራ የሞሸረ፣ ሟች ያስነሣ ሕዝብ ነን።

ላንዳይ ሴትን የሚጠቅማት በትክክል ባለቤት ስለሌለው ነው። ለባሏ ያላትን ንቀት፣ ለሌላ ያላትን ፍቅር፣ በአባቷ ላይ ያላትን ቅሬታ በራሷ አፍ ብትናገር ትገደላለች። በላንዳይ ብትናገር «ሰው ሲል ሰምቼ ነው» ትላለች። ግጥሙም እንደ ዘመኑ ልብሱን ይለውጣል፤ ስለ እንግሊዝ ወታደር የተባለው በኋላ ሩሲያ ይሆናል፣ ከዚያ ደግሞ አሜሪካዊ ይሆናል፤ ስንኙ ያው ነው፣ ጠላቱ ብቻ ይለወጣል። ሰይድ ባሃውዲን መጅሩህ የሚባል የአፍጋን ባለቅኔ እነዚህን የሴቶች ስንኞች በስደት ሰብስቦ ነበር። እሱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1988 ፔሻዋር ላይ በጥይት ተገደለ።

ከዚህ ስናየው የመድፉ ጥያቄ መልስ ያገኛል። የማላላይን ስንኝ ሃያ አምስት ሺህ ሰው መስማት አልነበረበትም። አጠገቧ ያሉ አሥር ሰዎች ከሰሙ ይበቃል፤ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው ይደግሙታል። ኺግ ውስጥ ያሉ ሴቶች ደግሞ ከእነሱ ወስደው ቅርጽ ያስይዙታል። ሁለት መስመር ማንም አይረሳም። የተረሳ እንኳ ቢኖር በሚመስለው ይተካል። የጦር ሜዳው ስንኝ ዛሬ የምንሰማው ስንኝ ቃል በቃል ይሁን አይሁን እኔን ብዙ አያስጨንቀኝም። ልጅቱን የተሸከማት ዕቃ ይህ መሆኑን ግን አልጠራጠርም።

አሁን ደግሞ አንድ የማይጥም ነገር ልናገር። ያ ስንኝ ርኅራኄ የለውም። አንዲት ልጅ የምትወደውን ሰው «ተርፈህ እንዳትመጣ» ስትለው መስማት ቀላል አይደለም። ማፈር ከሞት በሚከብድበት ማኅበረሰብ ውስጥ ሴት የማሳፈር ሥልጣን አላት፤ ብዙ ጊዜ ያላት ሥልጣን ደግሞ እሱ ብቻ ነው። ይህም የፓሽቱኖች ብቻ አይደለም። በ1914 እንግሊዝ ውስጥ ወጣት ሴቶች መንገድ ላይ እየቆሙ ላልዘመተ ወንድ ሁሉ ነጭ ላባ ይሰጡ ነበር፤ ፈሪ ነህ ማለት ነው። ስንቱ በዚያ ላባ ሰበብ ሄዶ በጭቃ ውስጥ ቀረ። እኛም ሽለላና ቀረርቶ እያለን «ከመሞት መሰንበት» የሚል ተረት አስቀምጠናል፤ አንዱ ሰው ሁለቱንም ይናገራል፤ ጠዋት አንዱን፣ ማታ ሌላውን። ማላላይን ለሚያከብር ሰው ይህን ጎኗን መደበቅ ሥራው መሆን የለበትም ብዬ አምናለሁ። ሥዕሏን ብቻ ሰቅለን ስንኟን ካላዳመጥን እሷን አልሰማንም። እሷ አዛኝ ልትሆን ወደዚያ ሜዳ አልሄደችም።

ደግሞ ድሉ አልቆየም። አዩብ ካን ካንዳሃርን ከበበ፤ እንግሊዞች ደነገጡ። ዙላ ላይ ያቆየነው መኮንን አሁን ጄኔራል ሮበርትስ ሆኖ ካቡል ውስጥ ነው። 10,000 ያህል ወታደር አስከትሎ ከካቡል ካንዳሃር፣ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ፣ በ3 ሳምንት ተጓዘና በሴፕቴምበር 1 ቀን አዩብ ካንን ድል አደረገው። ከማይዋንድ ድል እስከ ካንዳሃር ሽንፈት አምስት ሳምንት ነው። በዓመቱ እንግሊዞች ካንዳሃርን ለቀው ወጡ፤ ዙፋኑን የያዘው ግን አብዱር ራህማን ነበር፤ እሱም አዩብ ካንን እንደገና አሸንፎ አባረረው። የማይዋንድ ድል ባለቤት እ.ኤ.አ. በ1914 ላሆር ውስጥ በስደት ሞተ።

እንግዲህ እዚህ ላይ የራሴን ግምት ላስቀምጥ። ማይዋንድ ለአፍጋኖች ታላቅ ድል ነው። ነገር ግን የድሉ አዛዥ የተሸነፈ መስፍን፣ ለገዢው ቤት ደግሞ ተቀናቃኝ ነው። አብዱር ራህማንና ወራሾቹ አደባባይ ወጥተው የአዩብ ካንን ስም ከፍ ማድረግ አይመቻቸውም ነበር። ታዲያ ይህን ድል ያለ አዩብ ካን እንዴት ትዘክረዋለህ? የማንም ወገን ያልሆነች፣ ዙፋን የማትጠይቅ፣ ወራሽ ያልተወች፣ በዚያው ቀን የሞተች አንዲት የእረኛ ልጅ ካለች ጥሩ ነው። መድፎቹ የመስፍኑ ነበሩ፤ ልጅቱ ግን የሁሉም ልትሆን ትችላለች። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አገሪቱ ራሷን እንደ አገር ለልጆቿ ማስተማር ስትጀምር ማላላይ ዝግጁ ሆና ጠበቀቻት። ይህ ማለት ውሸት ናት ማለት አይደለም። ሕዝብ በቃል ያቆያትን፣ መንግሥት በኋላ ሲያስፈልገው አነሣት ማለት ነው።

የሁሉም የሆነ ነገር መዘዙ፣ ሁሉም የሚፈልገው መሆኑ ነው። ንጉሣውያኑ አከበሯት። ከዚያ የመጡት ግራ ዘመሞች አከበሯት። ሩሲያን የተዋጉት ሙጃሂዲኖችም ማይዋንድን እያነሡ ተዋጉ። ካቡል ውስጥ አንድ ትልቅ የገበያ ጎዳና የማይዋንድ ስም አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ያ ጎዳና ራሱ ፍርስራሽ ሆነ፤ ያፈራረሱት ደግሞ የዚያችው አገር ልጆች ነበሩ።

ስሟን የተሸከሙ ሴቶች ግን ስሙን በሌላ መንገድ ተረዱት፤ ከሁሉም ልብ የሚነካኝ ይህ ነው። በዲሴምበር 2003 ካቡል ውስጥ ሕገ መንግሥት ለማጽደቅ በተጠራው፣ ሎያ ጂርጋ በሚባለው ታላቅ ጉባኤ ላይ ማላላይ ጆያ የምትባል የ25 ዓመት ተወካይ ተነሣችና የጦር አበጋዞቹን ፊት ለፊታቸው ወንጀለኞች ናችሁ አለቻቸው። ማይክሮፎኗን ዘጉባት፤ አዳራሹ በጩኸት ተሞላ፤ ውጪ አውጧት ተባለ። በኋላ ፓርላማ ተመርጣ ገባች፤ በ2007 ከዚያም አገዷት። ካንዳሃር ውስጥ፣ ከማይዋንድ ሜዳ ብዙ ሳትርቅ፣ ማላላይ ካካር የምትባል የፖሊስ መኮንን በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ስትመረምር ኖራ በሴፕቴምበር 2008 ቤቷ ደጃፍ ላይ ተገደለች። ድንበሩን ተሻግሮ ደግሞ ስዋት ሸለቆ ውስጥ ዚያውዲን ዩሱፍዛይ የሚባል የትምህርት ቤት ባለቤት እ.ኤ.አ. በ1997 ሴት ልጅ ሲወለድለት በማይዋንዷ ጀግና ስም ማላላ ብሎ ጠራት። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2012 ከትምህርት ቤት ስትመለስ አውቶቡስ ውስጥ ተኮሱባት። ተረፈች፤ በ17 ዓመቷ የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበለች።

እነዚህ ሦስቱም የተጠቁት ጠመንጃ ስላነሡ አይደለም፤ ካካር የታጠቀች ፖሊስ ብትሆንም እሷንም ያስጠላት የምታነሣው ክስ ነበር። ሦስቱም የተጠቁት በመናገራቸው ነው። ስለዚህ ማላላይን ያነበቧት በትክክል ነው ባይ ነኝ። የማይዋንዷ ልጅ ሰይፍ አልመዘዘችም፣ ምሽግ አልሰበረችም። የምትታወስበት አንድ ሥራ ወንዶች በተሰበሰቡበት መሀል ቆማ ድምፅዋን ከፍ ማድረጓ ነው። ሰንደቁንማ ማንም ወንድ ሊያነሣው ይችል ነበር፤ ስንኙን ግን ወንድ ሊለው አይችልም ነበር።

ወደ አሁኑ ጊዜ ልምጣ። ታሊባን በኦገስት 2021 ካቡል ሲገባ ከ6ኛ ክፍል በላይ ያሉ ሴት ልጆች ከዚያው መጸው ጀምሮ ከትምህርት ታገዱ፤ በዲሴምበር 2022 ዩኒቨርሲቲም ተዘጋባቸው። ማላላይ የሚባለው የካቡል ሴቶች ትምህርት ቤት ትልልቅ ተማሪዎቹን አጣ። በስሟ የሚጠራው የወሊድ ሆስፒታል ግን ሥራውን አላቆመም፤ መውለድ አልተከለከለማ! በኦገስት 2024 ደግሞ 35 አንቀጾች ያሉት የሥነ ምግባር ሕግ ወጣ። ከእነዚህ አንቀጾች አንዱ የሴት ድምፅ በባዕድ ወንድ ፊት መሸፈን ያለበት ነገር ነው ይላል፤ ሴት ከቤቷ ውጪ እንድትሰማ አድርጋ መዝፈን፣ ማዜም፣ ጮክ ብላ ማንበብ ተከልክላለች። ማላላይን የሚያከብር አገር፣ ማላላይ ያደረገችውን አንድ ነገር በሕግ ከለከለ።

ሕጉን ካወጡት ሰዎች ብዙዎቹ ማይዋንድ ያለባት የካንዳሃር ምድር ሰዎች ናቸው፤ አለቃቸውም መቀመጫው እዚያው ነው። ታሪኩን ከእናቶቻቸው ሳይሰሙ አላደጉም። ሰምተውታል፤ የሰሙት ግን ሰንደቁንና ሞቱን ነው። ሴት ልትሞትላቸው ትችላለች፤ ልትናገራቸው ግን አትችልም። ጀግናን በደንብ ካከበሩት ዝም ማሰኘት እንደሚቻል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላየሁም። ሐውልት አይናገርም፤ መቃብርም እንዲሁ።

ይህ ማለት ግን ተሳካላቸው ማለት አይደለም። ከዚህ ሁሉ በፊት፣ ገና እ.ኤ.አ. በ2010 ገደማ፣ ሚርማን ባሂር የሚባል የሴቶች የግጥም ማኅበር ካቡል ውስጥ ተቋቁሞ ነበር። ካቡል ያሉት ቅዳሜ ቅዳሜ ይሰበሰቡ ነበር። በየክፍለ ሀገሩ ያሉት ደግሞ መምጣት ስለማይችሉ ተደብቀው ስልክ ይደውሉ ነበር፤ በካቡል በኩል አንዷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዛ ትጽፍ ነበር። ከማይዋንድ ቀጥሎ ካለው ከሄልማንድ ስትደውል የነበረች አንዲት ልጅ ግጥሟን ወንድሞቿ አገኙባት፤ ደበደቧት፤ እሷም ራሷን አቃጥላ ሞተች። ማኅበሩ ግን ስልክ ማንሣቱን አላቆመም ነበር።

ያ የ2024ቱ ሕግ በወጣ በቀናት ውስጥ አገር ቤት ያሉም በስደት ያሉም አፍጋን ሴቶች ስልካቸውን ፊት ለፊታቸው አቁመው መዝፈን ጀመሩ። አገር ውስጥ ያሉት ፊታቸውን እስከ ዓይናቸው ሸፍነዋል፤ ማን እንደሆኑ አይታወቅም፤ ዘፈናቸውም ልክ እንደ ላንዳይ ባለቤት የለውም። ቪዲዮውን ለቀቁት፤ ዓለም አየው፤ ካንዳሃር ያሉትም ሳያዩት አልቀሩም።

ከመካከላችሁ ሽለላ ወይም መንቶ የምታውቁ እናቶች ካላችሁ፣ ከጥያቄና መልሱ በፊት ከእናንተ ብሰማ ደስ ይለኛል። መድረኩ የእናንተ ነው።